ፌስቡክ፣ ቴሌግራም ወይስ ቲክቶክ? በሰሜን ሸዋ ሰብዓዊ መብትን ለማስተማር የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ስለ ሰብዓዊ መብት ለማስተማር የሚነሡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የትምህርት ቤት ክበባት አሉ፤ የሴቶች ማኅበራት አሉ፤ በግላቸው የሚጽፉ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች አሉ። ሥራው ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ገጹን የት እንክፈት?» የሚል ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ብዙ ሰው ያለበት ቦታ» ይሆናል። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ብዙ ሰው ባለበት ቦታ የምንፈልገው ሰው ላይኖር ይችላል። ከዚያም በላይ ስለ መብት ጥሰት ስናወራ የምናወራው ስምና ጎረቤት ስላለው ሰው ነው። ያ ሰው መንዝ ውስጥ ልትዳር የተቃረበች የ14 ዓመት ልጅ ወይም ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የሚኖር ተፈናቃይ ሲሆን፣ እኛን ደስ የሚያሰኘን የተመልካች ብዛት እሱን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

ስለዚህ ምርጫው በሁለት ጥያቄዎች ይጀምር። ይህን መልእክት መስማት ያለበት ማን ነው? መልእክቱ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ሊጎዳ የሚችለውስ ማን ነው? የምጽፈው በአማራ ክልል ስላለው ሰሜን ሸዋ፣ ማለትም ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስላለው አገር ነው። ፍቼን ማዕከል ላደረገው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋም አብዛኛው ይሠራል፤ ቋንቋው ግን በዋናነት ኦሮምኛ ሊሆን ይገባዋል።

መጀመሪያ ይዘቱ ይለይ

ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጸድቅ፣ ድጋፋቸውን ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መግለጫው 30 አንቀጾች አሉት። የእኛ ሕገ መንግሥትም ሙሉ ምዕራፍ ሦስቱን ለመሠረታዊ መብቶች ሰጥቷል። ብዙ ገጾች ይህን ይዘው አንቀጽ በአንቀጽ በቀን በቀን መለጠፍ ይጀምራሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይተውም ይቆማሉ። ሰው ስልኩን ከፍቶ የአንቀጽ ቁጥር አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ነገር ሲደርስበት ነው፤ ልጁ ስትታጭ፣ ወንድሙ ሲታሰር፣ ባልዋ የሞተባት ሴት መሬቷን ስትነጠቅ፣ እኅቱ በደላላ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ።

ከእነዚህ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቁ አሉ። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ከዚያ በታች ያለችን ልጅ ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ይቀጣል። ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ይህ ለአጭር ቪዲዮ ይመቻል። የመሬት ጉዳይ ግን በአጭር አይነገርም። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንደሚሰፍር፣ ሲፋቱ ወይም አንዱ ሲሞት ምን እንደሚሆን፣ ደብተሩ በአንድ ሰው ስም ብቻ ወጥቶ ከተገኘ ወዴት እንደሚኬድ ማስረዳት ጊዜ ይፈልጋል። ረጅሙን ጉዳይ ወደ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ መጨመቅ ሰውን ያሳስታል፤ በመብት ጉዳይ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ቀነ ቀጠሮ ያልፍበታል፣ ይግባኝ ይዘጋበታል።

ቴሌግራም፦ ለገጠሩና ለድምፅ

በእኛ አካባቢ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቴሌግራምን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ቴሌግራም ላይ የተቀመጠ የድምፅ ፋይል ወርዶ ከስልክ ወደ ስልክ መሄድ መቻሉ ነው። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው ስልኩን ከተማ ላለ የዘመድ ልጅ ይሰጣል፤ ልጁም መዝሙር፣ ስብከት፣ ዘፈን በሚሞሪ ካርዱ ይጭንለታል። ከእነዚህ መሐል ስለ መሬት ደብተር የሚናገር የአራት ደቂቃ ድምፅ ቢገባ፣ ሰውየው ፓኬጅ ሳይገዛ፣ ኔትወርክ ሳይፈልግ፣ ማንበብ ባይችልም እንኳ ከብት እየጠበቀ ይሰማዋል። ሚስቱና እናቱም አብረው ይሰማሉ። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ይህን ያህል ርቀው አይሄዱም።

ነገር ግን ፋይሉ ወደ ሚሞሪ ካርድ ሲገባ የቻናሉ ስም፣ ቀኑና ከሥሩ የተጻፈው ማብራሪያ ሁሉ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው ማን እንደተናገረውና ሕጉ ይለወጥ አይለወጥ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ሁሉ በድምፁ ውስጥ ይነገሩ። በእኔ አስተያየት ጥሩ የድምፅ መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልን። ይህ መልእክት በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር የተቀዳ ነው። ወንድምዎ ወይም ልጅዎ ዛሬ ማታ በፖሊስ ቢያዝ፣ እስከ መቼ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሊቆይ ይችላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል ይላል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ ግን በ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ይጻፉ። የት እንዳለ ይጠይቁ። ቤተሰብ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት አንቀጽ 21 ይፈቅዳል። 48 ሰዓቱ ካለፈ፣ የጻፉትን ይዘው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሂዱ።»

መልእክቱ አንቀጹን ከመጥራቱ በፊት ወንድምና ልጅ ይላል፤ ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለዚያ ነው። ስለ መንገዱ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ለማሳጠር ተብሎ ይቆረጣል። በደብረ ብርሃን ከተማ ላይጎዳ ይችላል። ጣቢያው ከፍርድ ቤቱ በሚርቅበት ገጠር ግን፣ ያን ሳያውቅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚከራከር ቤተሰብ ተሳስቶ ይመለሳል፤ ሁለተኛም አያምነንም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ደግሞ ይህ መብት ሊገደብ ስለሚችል፣ አዋጅ ሲታወጅ አዲስ ድምፅ መቅዳት ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜም ቢሆን ከኢሰብዓዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት፣ አንቀጽ 18፣ እንደማይታገድ አንቀጽ 93 ላይ ተጽፏል። ይህንንም ጨምሩበት።

ቴሌግራም ላይ ቻናልና ግሩፕ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በቻናል አባላቱ እርስ በርስ አይተያዩም፤ የሚያያቸው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። በግሩፕ ግን ሁሉም ሁሉን ያያል። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የምታስተምር ሴት ግሩፕ ብትከፍት፣ የገባችው ሚስት ስም ለባልዋ ወንድም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለሚያስፈሩ ጉዳዮች ቻናል ይሁን፤ ጥያቄም በግል መልእክት ይቀበል። ግሩፕ ለክበብ አባላት ሥራ መከፋፈያ ይሁን። አባል የሚሆኑ ሁሉ ስልክ ቁጥራቸው እንዳይታይ በግላዊነት ማስተካከያው ውስጥ «ማንም አይይ» (Nobody) የሚለውን እንዲመርጡ በመጀመሪያው ቀን አስተምሯቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የቴሌግራም ተራ ውይይት በላኪና በተቀባይ መካከል ብቻ የተቆለፈ አይደለም፤ እንዲህ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለውን ለይተን ስንከፍት ነው። የተጠቂን ዝርዝር በተራው መስመር መቀበል ስለማይገባ፣ ለዚህ ዋትስአፕ ይሻላል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም መልእክት በዚያ መንገድ ይቆልፋል። ጉድለቱ በግሩፑ ውስጥ ስልክ ቁጥር ለሁሉም መታየቱ ነው። እንግዲህ ለማስተማር ቴሌግራም፣ ከአንድ ሰው ጋር ለመነጋገር ዋትስአፕ ማለት ነው።

ፌስቡክ፦ ለቢሮውና ለከተማው ሰው

ፌስቡክ ላይ የምታገኟቸው መምህራንን፣ የመንግሥት ሠራተኞችን፣ ጋዜጠኞችን፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ የአካባቢው ተወላጆችን ነው። ስለዚህ መልእክቱ መብቱን ማወቅ ለሚገባው ገበሬ ሳይሆን መብቱን ማክበር ለሚገባው ቢሮ ሲሆን ፌስቡክ ይበልጣል። አንድ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ አንድ ጤና ጣቢያ ለምን ወሊድ እንደማያስተናግድ በጽሑፍና በፎቶግራፍ አስደግፎ በጨዋነት መጠየቅ እዚያ ውጤት አለው። የወረዳ ኃላፊዎች የራሳቸውን ገጽ ስለሚከታተሉ ጥያቄው ዐይናቸው ላይ ያርፋል። የተወላጆች ግሩፖችም ዜናውን ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሰዎች ያደርሱታል። የምትከፍቱት ግን የግል መገለጫ ሳይሆን «ገጽ» ይሁን። ገጽን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ስም ለተመልካች አይታይም፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢዛወር ሌላው ይቀጥላል።

የፌስቡክ ትልቁ ችግር አስተያየት መስጫው ነው። ስለ ተፈናቃይ መብት የተጻፈ ጽሑፍ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከሥሩ የብሔር ስድብ ይሞላበታል። ስድቡን የማያጠፋ አስተዳዳሪ፣ ለማስተማር የከፈተው ገጽ ሰውን ለማዋረድ ሲያገለግል ቁጭ ብሎ ያያል። ማታ ማታ አስተያየት የሚያጸዳ ሰው ከሌላችሁ አስተያየቱን ዝጉት፤ ምንም አይቀርም።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ምክንያት አለኝ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ፎቶግራፋቸውን ይዘው እሳቸውን የሚወነጅሉ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ማመልከቱን፣ ሰሚ ግን በጊዜው አለማግኘቱን ገልጾ፣ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ ላይ ከሷል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2025 ወስኗል። «ሪፖርት እናደርጋለን፣ ይነሣል» ብሎ መተማመን እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ቶሎ ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ሰውን የሚያጋልጥ ነገር መጀመሪያውኑ እንዳይወጣ ማድረግ የኛ ሥራ ነው።

ቲክቶክ፦ ለወጣቷ

የቲክቶክ ጠባይ ከሁለቱ ይለያል። አንድ ተከታይ የሌለው ሰው የለቀቀው ቪዲዮ እንኳ ምሽቱን ብዙ ሺህ ሰው ፊት ሊደርስ ይችላል፤ መተግበሪያው ቪዲዮውን የሚያቀርበው ለሚከታተሉት ብቻ አይደለምና። ለማያውቀን ወጣት መድረስ ስንፈልግ ይህ መልካም ዕድል ነው። ሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ባለው ቆላ ወደ ዓረብ አገር የመሄድ ሐሳብ የሌላት ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። ደላላውም የሚያባብላት በዚያው በቲክቶክ ነው፤ የሚያሳያት ወርቅ፣ የታነጸ ቤት፣ የአውሮፕላን መስኮት ነው። እሷ ያለችው እዚያ ከሆነ እኛም እዚያ መገኘት አለብን። የምንነግራት ነገርም «አትሂጂ» መሆን የለበትም፤ የመሄድ መብት አላት። ልትጠይቀው የሚገባትን ግን እንንገራት። ኤጀንሲው ፈቃድ አለው ወይ? የሥራ ውሉ ተፈርሞ ቅጂው በእጅሽ ገብቷል ወይ? በየብስ በጅቡቲ በኩል እናሻግርሻለን የሚል ሰው ሕጋዊ ሥራ እንደማይሰጥ ታውቂያለሽ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ በአገርኛ አነጋገር፣ ከተመላሽ እኅቶች አንዷ በድምጿ ብቻ ብትናገራቸው ከማንኛውም ስብከት ይሰማሉ።

ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻም እንዲሁ ነው። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ጋር የሚሠራ መምህር እንደሚያውቀው፣ ልጅቷ ሕጉን ብታውቅም ለማን እንደምትናገር አታውቅም። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ «ለክፍል ኃላፊሽ ወይም ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ንገሪ» የሚል አንድ መስመር ካልጨመራችሁ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

ቲክቶክ የሚያሳጣው ነገር ቁጥጥርን ነው። ማን እንደሚያየው አትወስኑም። ሌላ ሰው ቪዲዮአችሁን ቆርጦ ከራሱ ስድብ ጋር ሊያያይዘው ይችላል፤ ይህን የሚፈቅዱትን ሁለት ማስተካከያዎች («ዱኤት» እና «ስቲች») ዝጉ፤ ማውረድን ግን ክፈቱት። ወርዶ ሲሄድ የገጻችሁ ስም ላዩ ላይ ታትሞ ስለሚሄድ ምንጩ አይጠፋም። ቀጥታ ስርጭትን በተመለከተ ግን አልመክርም። ሰው በስሜት የማይገባውን ስም ይጠራል፤ አንዴ ከተባለም አይመለስም። የተጠቂ ልጅ እናት በቀጥታ ስርጭት ስታለቅስ ተመልካች ይበዛል፤ ልጅቷ ግን በማግስቱ ትምህርት ቤት መሄድ አለባት።

የቀሩት ባጭሩ

ዩቲዩብ ለረጅም ማብራሪያ ጥሩ መጋዘን ነው፤ ከዓመታት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል። ግን ፓኬጅ ይበላል፤ ስለዚህ ቪዲዮውን እዚያ አስቀምጡ፣ ድምፁን ለይታችሁ በቴሌግራም ላኩ። ኢሞ ዓረብ አገር ካሉ እኅቶች ጋር ለመገናኘት እንጂ ለማስተማር አይመችም። ኤክስ የአዲስ አበባ ተቋማትና የውጭ ድርጅቶች መገናኛ ነው፤ ለወረዳ ሥራ አያስፈልግም። ኢንስታግራም በዚህ አካባቢ ለዚህ ዓላማ ጊዜ የሚጠፋበት አይደለም።

ፊትና ስም

የትኛውንም ብትመርጡ ይህኛው ክፍል አይቀየርም። በደብረ ብርሃን በቻይና ካምፕና በሌሎች መጠለያዎች ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ለዓመታት ኖረዋል። እነሱ መብት አላቸው፤ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ ስለ ተፈናቃዮች የወጣው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት መጠለያ፣ ምግብና ሕክምና የማግኘት፣ በግድ ያለመመለስና መታወቂያ የማግኘት መብታቸውን ይዘረዝራል። ይህን ማሳወቅ የተቀደሰ ሥራ ነው። ለማሳወቅ ግን የእነሱን ፊት መለጠፍ አያስፈልግም።

አንድ ፎቶግራፍ ስታዩ ፊቱን ብቻ አትዩ። የድንኳኑ ቁጥር ይታያል ወይ? ጀርባው ላይ ያለው የውኃ ታንከር ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቦታውን ይናገራል ወይ? የልጁ ዩኒፎርም የትምህርት ቤቱን ስም ይዟል ወይ? የእናትየው ነጠላ ጥለት ለሚያውቃት ሰው ስሟን ከመጥራት አይተናነስም። ፊት ማደብዘዝ እነዚህን ሁሉ አይሸፍንም። እጅን ብቻ ማንሣት፣ ከኋላ ማንሣት፣ ወይም ምንም ሳያነሡ ድምፅን ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ይሻላል። ወረዳውን መጥቀስ ካስፈለገ ቀበሌውን ተዉት፤ ዕድሜዋን ካላችሁ ክፍሏን አትበሉ። በገጠር ትንሽ ቀበሌ ውስጥ «ሦስት ሴት ልጆች ያሉት መሪጌታ» ማለት ስም መጥራት ነው።

ፈቃድ ስትጠይቁም «ቪዲዮ እንቅረጽህ?» ማለት ፈቃድ አይባልም። እርዳታ ይመጣልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው እምቢ አይልም። ቪዲዮውን ማን ሊያየው እንደሚችል፣ የትውልድ ቀዬው ያሉ ሰዎችም ሊያዩት እንደሚችሉ፣ ከተለቀቀ በኋላ መልሶ ማጥፋት እንደማይቻል በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ ከዚያ አንድ ቀን ስጡት። በቆላው አርጎብኛ ወይም ኦሮምኛ ለሚናገር ሰው በአማርኛ ብቻ አስረድቶ ፈቃድ ወስጃለሁ ማለት አይቻልም። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተጠቂዎችን በተመለከተ የኔ አቋም አጭር ነው፤ ወላጅ ቢፈቅድም አይለጠፍም።

ሕጉ እኛንም ይመለከታል

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መብት የሚያስተምር ሰውንም ይይዛል። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ ሐሰተኛ መረጃ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር። ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ከፍ ይላል። ላይክ ወይም ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም። ስለዚህ ተከታያችሁ ሲበዛ ጥንቃቄአችሁም አብሮ ይጨምር። በተግባር ይህ ማለት «ሞቱ» የተባሉ ሰዎችን ቁጥር ከአንድ ደዋይ ሰምቶ አለመለጠፍ፣ የአንድን ባለሥልጣን ጥፋት ስትጽፉ ድርጊቱን ከብሔሩና ከሃይማኖቱ መለየት፣ ሰነድ ካለ ሰነዱን መያዝ ነው። ዐይን ያላየውን፣ ሁለተኛ ሰው ያላረጋገጠውን አለመለጠፍ ገጹን ያዘገየዋል፤ ሰው የሚያምነው ግን እንዲህ ያለውን ገጽ ነው።

መስመር ሲቋረጥ

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ነበር። እነሱ በተከፈቱ ማግሥት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሽ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ የቆመ ሥራ በዚያ ጊዜ ሁሉ ዝም ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የምትሠሩት ማንኛውም ነገር ያለ ኢንተርኔት የሚሄድበት ሁለተኛ መንገድ ይኑረው። ድምፁ በሚሞሪ ካርድ ይሂድ። ጽሑፉ በአንድ ገጽ ታትሞ በእድርና በሰንበቴ ይነበብ። ከአካባቢው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጋር በሰላሙ ጊዜ ተነጋገሩ፤ አዘጋጁ ሲያውቃችሁ በችግር ጊዜ ያስተናግዳችኋል። ቅጂዎቻችሁም በስልክ ብቻ አይቀመጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይወሰዳል። የተጠቂ ስም ያለበት ነገር ግን በፍላሽም ሆነ በስልክ አይከማች።

አቅሙ ትንሽ ለሆነ

ሁለት ሰውና አንድ ደህና ስልክ ብቻ ካላችሁ፣ ሦስቱንም አትክፈቱ። የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፤ በሳምንት አንድ የአራት ደቂቃ ድምፅ፣ በአንድ ጉዳይ። አንዱ ይናገር፣ ሌላው ሕጉን ከነጋሪት ጋዜጣው ያመሳክር። ድምፁ የሚቀዳው በራሳችሁ የመንዝ ወይም የይፋት አነጋገር ይሁን፤ የዜና አንባቢ ድምፅ አይጠበቅባችሁም። ቲክቶክን የምጨምረው ዒላማዬ ተማሪዎች ከሆኑና ከእነሱ አንዷ ራሷ ለመሥራት ከፈለገች ነው። ፌስቡክን የምጨምረው አንድን ቢሮ የምንጠይቅበት በሰነድ የተደገፈ ጉዳይ ሲኖረን፣ አስተያየቱን የሚያጸዳም ሰው ሲገኝ ነው።

ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ግን አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ማስተማር ስትጀምሩ ሰው እርዳታ ፍለጋ ይጽፍላችኋል፤ አብዛኛው በሌሊት ይጽፋል። በወረቀቱ ላይ የወረዳው ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል የሚሰጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ ካለ እሱ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ስልካቸው ይጻፍ። ቁጥሮቹን ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚገኝም ከጎኑ ይጻፍ። ወረቀቱ በየሦስት ወሩ ይታደስ፤ አንዱ ቅጂ ቻናሉን ከሚያስተዳድረው ሰው ጋር፣ ሌላው በግል መልእክት ለሚመጡ ጥያቄዎች ከሚመልሰው ሰው ጋር ይሁን።